የቦክሰኛው ግራ እጅ

ኅዳር 4

ሚጣዬ፥

ይህን የሚያደርስልሽ ባልሽ ስለሆነ ሰላምታዬ በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ አቧራ ጠጥቶ ነው የሚደርሰው፤ አራግፈሽ ተቀበይው። ወገብሽ እንዴት ሆነ? አማትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ አልከዳኝም።

ዘግይቼ ስለመለስኩልሽ ይቅር በይኝ። ሹፌሩ ባልሽ ባለፈው ሲያልፍ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ «በአምስት ደቂቃ ይጻፉልኝ» አለኝ። በአምስት ደቂቃ የምጽፈው ስሜን ብቻ ነው አልኩት። በስልክ ለምን አትነግሪኝም እንዳትዪ። በስልክ ሁለታችንም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን ነው የምንዘጋው። ደብዳቤ ሲሆን መዋሸት እጅ ያደክማል።

ስለ ጣትሽ የጠየቅሽኝን ሦስት ቀን ሳስበው ሰነበትኩ። ደስ የሚልሽን ልጻፍልሽ ወይስ የማውቀውን? የማውቀውን ልጻፍ፤ ደስ የሚለው ከኋላው ሊመጣ ይችላል።

የምሠራበትን ክፍል አይተሽው አታውቂም። ሰፊ ነው፤ ወለሉ በሰማያዊ ፍራሽ ተሸፍኗል፣ ጥግ ላይ እስከ ወገቤ የሚደርሱ ትልልቅ ኳሶች አሉ። እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ፊዚዮዋ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራት፣ የልጆችን እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ናት፤ ሕፃኑን ቀስ ብላ እያገላበጠች ታየዋለች። እኔ ከአንዱ ሕፃን እስከ ሌላው ፍራሹን እወለውላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ወለወልኩ። እጄ ሲወለውል ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው፤ ስለዚህ ይማራል። ፎቶ ኮፒው አጣሞ ያወጣውን ወረቀት ደግሞ ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል፤ እኔ ከቅርጫቱ ወደ ብስኩት ቆርቆሮዬ አዛውረዋለሁ። ግማሹ ራስ የለውም፣ ግማሹ እግር የለውም፤ ቢሆንም አነበዋለሁ።

ከዚያ የለቀምኩትን ልንገርሽ። ልጅሽ ጣትሽን ጨብጦ አልለቅም ያለው አውቆሽ አይደለም። አትቀየሚኝ። የአራስ መዳፍ ሲነካ ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ። ሪፍሌክስ ይሉታል፤ ልጁ ሳይማረው ይዞት የመጣ ምላሽ ማለት ነው። ጉንጩን በጣትሽ ንኪው፤ አፉን ከፍቶ ወደ ጣትሽ ይዞራል። ጡት ፍለጋ ነው። ማን አስተማረው? ጭንቅላቱ ድንገት ወደ ኋላ ዘንበል ሲልበት ሁለት እጆቹን ይበትንና መልሶ ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ የሚወድቅ መስሎት አንድ ሰው ሊያቅፍ። ብብቱን ይዘሽ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ብታሳርፊው ይራመዳል። የሦስት ሳምንት ሰው! ፊዚዮዋ አንድ ቀን ለተማሪዎቿ «እነዚህ ሁሉ ባለቤቱ እስኪገባ ድረስ ቤቱን የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው» ስትል ሰምቼ መወልወያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ያህል የተዘጋጀ እንግዳ በየት ቤት ገብቶ ያውቃል?

አንቺ ስትወለጂ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናታችን ልብስ ፋብሪካ ፈረቃዋ ሲደርስ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣኝ ትሄድ ነበር። ጣቴን ያዝሽኝ። ልነሳ ብል አልለቅ አልሽኝ። «መረጠችኝ» አልኩ። ስለዚህም ወረቀቱን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ምን እንደተሰማኝ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ሁለቱንም እጆቹን ጨብጦ ነው የሚተኛው ማለትሽ አሳቀኝ። ቦክሰኛ ነዋ የወለድሽው! ስሙ ላይ እስክትስማሙ ድረስ በእኔ በኩል ቦክሰኛው ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እጁን መክፈት ሲጀምር የልብስ ልክ በምታወጪበት ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ ሣዪልኝ። ፎቶ አልፈልግም። ፎቶ ልክ አይናገርም፤ አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።

እህትሽ


ጥር 9

እታለም፥

ደብዳቤሽ ከናፍጣ ሽታ ጋር ደርሶኛል። ጉልበትሽ ማጉረምረሙን ካላቆመ ደረጃውን ለሌላ ሰው ተዪለት። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አልተቀየምኩሽም፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የተቀየምኩሽ። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ሳነብ አማቴ ሰምተው «ልጅ እናቱን አያውቅም የሚል ወረቀት ድሮም ከቅርጫት ነው የሚገኘው» አሉ። ሰላም ብለውሻል።

ቦክሰኛው ያልሽው ስም ቤቱን ሁሉ ወረሰው። ስም አወጣን፣ ግን ማንም አይጠራበትም። ጎረቤት ሲገባ «ቦክሰኛው ተነሥቷል?» ነው የሚለው።

አንድ ነገር አስጨንቆኛል። በወሩ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ያራመድኩት ልጅ አሁን እግሩን አጥፎ እንደ ጆንያ ይንጠለጠላል። ጉንጩን ብነካው እንደ ድሮው ፈጥኖ አይዞርም። በር ሲጋጭ እጆቹን መበተኑንም እየተወ ነው። ያወቀውን እየረሳ ነው ወይ? ሹፌሩ «ጡረታ ወጣ» ብሎ ይቀልዳል። እኔ አልሳቅሁም።

ቀኝ እጁን ሣልኩልሽ። ወረቀቱ ላይ ስታዪው አንድ የሸሚዝ ኪስ አይሞላም። ግራውን ግን ቦክሰኛሽ አልከፍትም ብሏል፤ አውራ ጣቱን ውስጥ ደብቆ ጨብጦታል። አባቱ «ግራ ቡጢው ለፍጻሜው ውድድር የተቀመጠ ነው» ይላል። ሰው ሁሉ በዚህ ይስቃል።

ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የጻፍኩትን ሹፌሩ እንዳያነበው በትንሹ ነው የጻፍኩት። ካልታየሽ መነጽርሽን አድርጊ።

ሚጣ


ጥር 24

ሚጣዬ፥

ቀኝ እጁ በሰላም ደርሶኛል። ሹፌሩ ሲሰጠኝ በሁለት እጁ ይዞ ነው የሰጠኝ፤ እንደ ትልቅ ሰነድ። ለአማትሽ ሰላም በይልኝ፤ ቅርጫቱም ሰላም ብሏቸዋል።

እየረሳ አይደለም። ስለ ዘበኞቹ ስጽፍልሽ አንድ ነገር ሳልነግርሽ አልፌያለሁ፤ ዘበኞቹ ይሄዳሉ። ባለቤቱ ቤቱ ሲገባ አንድ በአንድ ይሰናበታሉ። መራመዱ በሁለት ወሩ አካባቢ ይሄዳል፣ ጡት ፍለጋው በአራተኛው ወር፣ ድንጋጤውም እንዲሁ፣ ጭበጣውም ይከተላል። ከዚያ ልጁ ሁሉን እንደገና ይጀምራል፤ ከባዶ፣ እየወደቀ፣ በገዛ ፈቃዱ። በሦስት ሳምንቱ የተራመደው እግሩ ነበር። በዓመቱ የሚራመደው እሱ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አራት ወር ያለፋት ሕፃን መጣች። ፊዚዮዋ ቀይ ቀለበት ፊቷ ላይ አንጠለጠለችላት። ልጅቷ ቀለበቱን አየች፣ ከዚያ የገዛ እጇን አየች፤ የማን እንደሆነ የማታውቀው ዕቃ ይመስል። እጇን ወረወረች፤ ሳተች። ደግማ ሳተች። ሦስተኛውን ሳታ ፊቷ ቀላ። በአራተኛው ያዘችው። ያዘችውና ምን እንደምታደርገው ስላላወቀች ወደ አፏ ወሰደችው። እናቷ አለቀሰች። እኔ ፊቴን ወደ ኳሶቹ አዞርኩ። ድልድይ ሲመረቅ ስንት ጭብጨባ እሰማለሁ፤ ለዚያች ሕፃን ያጨበጨበላት አልነበረም፤ እኔም ሁለት እጄ በጨርቅ ተይዞ ነበር።

በወረቀቱ ጠርዝ የጠየቅሽኝን ያለ መነጽር አየሁት። አዎ፣ ስለ ጭበጣው ያነበብኩ ቀን ከፍቶኝ ነበር። አንድ ነገር የተወሰደብኝ ነው የመሰለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያስቀመጥኩት ነገር። ቆይቼ ግን እንዲህ አልኩ፦ አንቺ ሳታውቂ ጨበጥሽኝ፤ እኔ ግን እያወቅሁ ቀረሁ።

ቀኝ እጁን ቁም ሣጥኔ በር ውስጥ፣ ከመወልወያ ጨርቆቹ በላይ ለጥፌዋለሁ። ፊዚዮዋ አይታ «የማን እጅ ነው፣ እትዬ?» አለችኝ። «የእኛ» አልኩ። ከጎኑ ለግራው ቦታ ትቼለታለሁ። ለቦክሰኛው ንገሪልኝ፤ ደወሉ ተደውሏል፣ ጓንቱን ያውልቅ።

እህትሽ


መጋቢት 2

እታለም፥

አጭር ብጽፍልሽ ይቅርታ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተደራርቦብኛል፣ ሹፌሩም እየጠራኝ ነው። ስለ ሁለቱ እጆች አንድ ላይ መጫወት በሹፌሩ በኩል ያስጠየቅሽኝን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።

ቦክሰኛው አድጓል። በቀኝ እጁ ማንኪያ ይቀማኛል፣ በቀኝ እጁ ጸጉሬን ይነጫል፣ የአማቴን መነጽር ከአፍንጫቸው ላይ የሚያነሣበትን ፍጥነት ብታዪ! አማቴ «ከአሁኑ ቀኝ እጁን ለየ፣ ብልህ ነው» ብለው ለሰው ሁሉ ያወራሉ።

አድጓልና ሁለቱንም እጆቹን እንደ አዲስ ሥዬ ልኬልሻለሁ። ባዶ ቦታሽን ሙዪበት።

ሚጣ


መጋቢት 11

ሚጣዬ፥

ጉልበቴ ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው። ዛሬ ስለዚያ አልጽፍም።

የላክሽልኝን ሁለት እጆች ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። ቁመታቸው እኩል፣ ሲያምሩ! የቁም ሣጥኑን በር በከፈትኩ ቁጥር ፈገግ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። በቀኙ ትንሽ ጣት ጫፍ ላይ እርሳስሽ ተንሸራቷል፤ እጁን ሲስብብሽ ይመስለኛል። በግራውም ትንሽ ጣት ጫፍ ላይ ተንሸራቷል። እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ።

ሁለቱንም ነቀልኩ። አንዱን ገልብጬ በሌላው ላይ አድርጌ መስኮቱ መስታወት ላይ ያዝኳቸው። መስመር በመስመር ተገጣጠሙ።

እኛ የአንድ እናት ልጆች ነን። እናታችን አንዱን እጅጌ ቆርጣ ሌላውን ለማውጣት ወረቀቱን ስትገለብጥ ጫፉን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ግራ እጅጌ እንደዚያ ይወጣል። ግራ እጅ ግን አይወጣም።

አልተቆጣሁም። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቢው። አልተቆጣሁም።

ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። በቀኙ ማንኪያ፣ በቀኙ ጸጉር፣ በቀኙ መነጽር። ግራው በቡጢው ቀልድ ውስጥ ካልሆነ የትም የለም። ያንን ቀልድ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አራስ ሁሉ እጁን ጨብጦ እንደሚተኛ አውቅ ነበር፤ ማወቄን ለማሳየት ስም አወጣሁለት። ስሙ ከጭበጣው በላይ ዕድሜ አገኘ፤ እናንተም ልታዩት የሚገባውን እየሳቃችሁ አለፋችሁት። ይህ በእኔ ላይ ይቆጠር።

ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ስለ ጭበጣ የሚናገረው ወረቀት የመጨረሻ መስመሩ እንዲህ ነው፦ «ይህ ምላሽ ስድስት ወር ሳይሞላ ይጠፋል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከቀረ ግን» ይልና እዚያ ላይ ያልቃል። ፎቶ ኮፒው ቆርጦታል። ይህ «ግን» ስንት ዓመት ቆርቆሮዬ ውስጥ ተቀመጠ! ከእሱ በኋላ ምን እንዳለ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ዛሬ ጠየቅሁ። የመጨረሻዋ እናት ከወጣች በኋላ ፊዚዮዋ ፊት ቆምኩ።

«ከ‹ግን› በኋላ ምን አለ?» አልኳት።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

ወረቀቱን ሰጠኋት። አየችው። «ከየት አገኙት?» አለች።

«ከቅርጫት።»

ያኔ ነው ፍራሹ ላይ ቁጭ ያለችው፤ እኔንም አስቀመጠችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የወለወልኩት ፍራሽ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለስላሳ ነው። ሁሉን ነገርኳት፤ ስለ መስኮቱም።

እንዲህ አለችኝ። በአንድ ወገን ብቻ ከቀረ ልጁ መታየት አለበት። ያንን እጅ የሚያዝዘው የአእምሮ ክፍል፣ ትንሽ ቦታ፣ ከመወለዱ በፊት ወይም ሲወለድ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ሳታየው አልናገርም አለች። ዓመት ሳይሞላው አንድ እጅ የሚመርጥ ልጅ ብዙ ጊዜ መርጦ አይደለም፤ ሌላው እጅ እምቢ ብሎት ነው። አሁን ግን አእምሮው ገና ለጋ ነው፣ ዋናው መንገድ ቢዘጋ በዙሪያ መንገድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው። የማንም ጥፋት እንዳልሆነም ነገረችኝ። ይህን አስደገምኳት፣ ለአንቺ ስጽፍ እንዳልሳሳት፦ የማንም ጥፋት አይደለም።

አምጪው። የምትልኪልኝን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ስድብም ቢሆን። ዝምታሽን ግን አልችልም።

እህትሽ


ሚያዝያ 20

እታለም፥

ስድብ እቀበላለሁ ብለሽ ጻፍሽ፤ እኔ የማትችይውን ላክሁልሽ። ከወር በላይ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን በርሽ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያይ እንደነበር ነግሮኛል። ይቅር በዪኝ።

አንድ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። «ያልወለደች ምን ታውቃለች» የሚል ቃል ነበረበት። ቀድጄዋለሁ። መጻፌንም መቅደዴንም ከእኔው እንድትሰሚ ብዬ ነው።

ያየሽው ልክ ነው። የቀኙን ሥዬ መስኮቱ ላይ ገለበጥኩት፤ እንደ እጅጌ። እርሳሱ የተንሸራተተበትን እንኳ ሳላስተውል ቀዳሁት፤ ዓይኔ እንባ ነበረው መሰለኝ። ግራውን ከፍቼ ለመሣል ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አልቆጠርኩም። ስከፍተው ይከፈታል፤ ስለቀው ሞላ እንዳለው በር ይዘጋል። መዳፉ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ይጠራቀማል፤ እኔ የምሰፋው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ሰማያዊ የዩኒፎርም ብናኝ። ማንም ሳያይ እያጠብኩ አወጣለሁ። ያንን ብናኝ ባወጣሁ ቁጥር ማወቄን አውቅ ነበር።

ለምን ዝም እንዳልኩ ብትጠይቂኝ፦ ሁሉም እየሳቀ ነበር። መጀመሪያ የምታቆመው እኔ መሆን አልፈለግሁም።

ያቆሙት አማቴ ናቸው። ባለፈው እሑድ መነጽራቸውን እንደ ልማዳቸው ሊያስቀሙ አጎነበሱለት፤ እኔ ቀኙን ይዤበት ነበር፣ እጅጌ ላለብሰው። መነጽሩን አየ፣ ግራ ትከሻውን ሰበቀ፣ እጁ ግን ከጎኑ አልተነሣም። ፊቱ ቀላ። አማቴ አዩት። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይህን ብቻሽን የያዝሽው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ሲያልቅ ምን አሉ መሰለሽ? «ያ ቅርጫት የት ነው ያለው? ነገ እንሂድ።»

ነገ አይሆንም፤ ሹፌሩ ጭነት አለበት። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ግን ሦስታችንም ከፊት እንቀመጣለን። እሳቸው ቤት ይጠብቃሉ፤ መኪና ያጥወለውላቸዋል።

ፍራሹ ለስላሳ ነው ያልሽው እውነት ነው? እኔም እቀመጥበት እንደሆነ ብዬ ነው።

ሚጣ


ሰኔ 12

ሚጣዬ፥

ቤቱ ከሄዳችሁ ወዲህ ሰፍቶብኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትገፉኝ የከረማችሁበት አልጋ አሁን ሜዳ ነው። የቀኝ እጁን ካልሲ ረስታችሁ ሄዳችኋል፤ ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፣ ጠይቂው።

በመጨረሻው ቀን ልነግርሽ ፈልጌ ቃል ያጣሁለትን እዚህ ልጻፈው። ፊዚዮዋ ምርመራው ያሳየውን፣ ያ ትንሽ ቦታ መጎዳቱን ስትነግርሽ እኔ በር ላይ ነበርኩ። አላለቀስሽም። «እሺ፣ ከየት ልጀምር?» አልሽ። ከኪስሽ ሜትር አውጥተሽ አንገትሽ ላይ አደረግሽ፤ ሥራ ስትጀምሪ እንደምታደርጊው፤ ማውጣትሽንም ያወቅሽ አይመስለኝም። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ እናት አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም።

እንደ ቀኙ ላይሆን ይችላል ያለችሽን እኔም ሰምቻለሁ፤ ረዳት እጅ ይሆንለታል አለች። ቀኑን ሙሉ «ረዳት» የሚለው ቃል ሲቆረቁረኝ ዋለ። ቤት ስገባ ግን አንቺ ጨርቅ ስትቆርጪ ታየሽኝ። የሚቆርጠው ቀኝሽ ነው፤ ጨርቁን የሚይዘው፣ የሚዘረጋው፣ የሚያዞረው ግራሽ ነው። ግራሽን ብወስድብሽ መቀሱን ይዘሽ የት ትደርሻለሽ?

እንግዲህ ያሳየችሽን አትርሺ። ጣቶቹን በጉልበት አትጎትቺ፤ የእጁን ጀርባ ከትንሽ ጣቱ በኩል ዳብሺው፣ ራሱ ይፈታል። መጫወቻውን በግራው በኩል አስቀምጪለት። በመዳፉ ይደገፍ። ግራው ተራ እንዲያገኝ ካልሲውን ቀኙ ላይ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ እሷ በነገረችሽ ልክ፣ ከዚያ አይለፍ። አማትሽ መቆጣታቸው አይቀርም፤ ከእኔ ነው በዪያቸው።

ስለ ስሙ የጠየቅሽኝን አስቤበታለሁ። አትቀይሩት። እንድትቀይሩት ልለምንሽ ነበር፤ አፍሬበት ነበርና። ፊዚዮዋ ሰምታ ሳቀች፤ «ቦክሰኛ ከውድድር በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ጓንቱን ማውለቅ ነው፤ እኛም የምናስተምረው እሱን ነው» አለች።

አንድ አዲስ ነገር ደግሞ ጠብቂ። ዘበኞቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ፣ ስምንትና ዘጠኝ ወር አካባቢ፣ አንድ ዘግይቶ የሚመጣ አለ። ልጁን ደረቱን ይዘሽ ወደ ፊት ዘንበል ስታደርጊው እንዳይወድቅ ሁለት እጆቹን ይዘረጋል። ይህኛው አይሄድም፤ እስከ እርጅና አብሮን ነው። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ተሰናክዬ ገና «ወደቅሁ» ሳልል እጆቼ ቀድመውኝ መሬት ደርሰው ነበር። ተነሥቼ አቧራዬን ሳራግፍ አመሰገንኳቸው። ሰው ሲያየኝ አበደች ሳይል አልቀረም።

በቦክሰኛው ግራ በኩል ሊዘገይ ይችላል ብላለች። ይዘግይ።

እኔ ጋ ያለው ወሬ ይህ ነው፦ ፊዚዮዋ አሁን ወረቀት ስትሰጠኝ ሙሉውን ነው፤ ራስም እግርም ያለው። ቆርቆሮው አልዘጋ ብሏል። አዲስ እናት ስትመጣም መወልወያውን አስቀምጬ አጠገቧ እንድቀመጥ ትለኛለች። እቀመጣለሁ።

እህትሽ


መስከረም 21

እታለም፥

ካልሲው ደርሶናል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ካልሲ ጨርሷል፤ በጥርሱ ነው የሚያወልቀው። አማቴ መጀመሪያ «ደህናውን እጅ ማሰር የት የታየ ነው!» ብለው አንድ ቀን ሙሉ አኩርፈውሽ ነበር። አሁን የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው፤ ሰዓት ይዘው። አንድ ደቂቃ አያሳልፉም፣ አንድ ደቂቃ አያጎድሉም። «የቅርጫቷ ሴትዮ ትቆጣኛለች» ይላሉ።

ግራው መጀመሪያ የያዘው ምን እንደሆነ ጠይቀሻል። የአባቱን ጆሮ ነው። ሹፌሩ ከመንገድ መጥቶ ሲያቅፈው ያዘው፤ መልቀቅም አቃተው። ሹፌሩ ልቀቀኝ አላለም። አንገቱን አዘንብሎ ቆመ፣ ቆመ፤ ራት ቀርቦ በረደ። «ጌታዬ፣ እስከምትጨርስ እጠብቃለሁ» ይለው ነበር። ጆሮው ሲለቀቅ ቀልቶ ነበር፤ በማግስቱ ለጓደኞቹ እያሳየ ዞረ።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ይህን የምጽፈው መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ስለሆነ ፊደሉን ታገሺው።

ዛሬ ጠዋት የልክ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋሁ። አማቴ ከፊት ተቀመጡ። ሹፌሩ ልጁን ደረቱን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ወረቀቱ ዘንበል አደረገው፤ ያልሽው የመጨረሻው ዘበኛ ይምጣ አይምጣ ብለን። ባለፈው ወር የመጣው ቀኙ ብቻ ነበር። ዛሬም ቀኙ ወዲያው ተዘረጋ። ግራው ደረቱ ላይ ቀረ። «ና» አሉ አማቴ፤ ለልጁ ሳይሆን ለእጁ ነው የተናገሩት። መጣ። ዘግይቶ፣ ክርኑን ሳያቀና፣ ግን መጣ። ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ ተከፍተው ነበር። ማናችንም አልከፈትንለትም።

እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ ነጥቄ ዞርኩበት። ሁለት ጊዜ ተንሸራተተብኝ። አውራ ጣቱ በደንብ አልወጣም፤ መስመሩ እዚያ ጋ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ አልፏል። አላስተካከልኩትም። መስኮት ላይ አልወጣሁም። ቀኙንም ጨምሬ ልኬልሻለሁ።

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እየጠበቀኝ ነው። እስከ ዛሬ አጥፍቶ አያውቅም።

ሚጣ


መስከረም 30

ሚጣዬ፥

ሰላምታውን በሚቀጥለው አበዛልሻለሁ። አሁን ሹፌሩ በር ላይ ቆሟል፣ ይህችን ሳይዝ አልሄድም ብሏል፤ አምስት ደቂቃም ይበቃኛል።

ግራውን ባዶ ቦታው ላይ ከመለጠፌ በፊት አንዱን ገልብጬ በሌላው ላይ አድርጌ እንደ ያኔው መስኮቱ መስታወት ላይ ያዝኳቸው። ፊዚዮዋ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። አንገታችንን አዘንብለን፣ ትንፋሻችን መስታወቱን እስኪሸፍነው ድረስ፣ መስመር በመስመር አየናቸው።

አልተገጣጠሙም።